የሹመት ደረጃና የሸክም ደረጃ፤ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ታሪክ

በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ዲያቆን ሳይሆን ቄስ የሚሆን የለም። ሕፃኑ አስቀድሞ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ይቈጥራል፤ ዳዊት ይደግማል፤ ድቁናውን ከተቀበለ በኋላም ጧፍ ማብራትን፣ ጥላ መያዝን፣ ሌሊት ተነሥቶ ለአገልግሎት መቆምን ይማራል። ቅስናው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እጅግ ብልህ የሆነ ልጅ ቢገኝ እንኳ ደረጃውን አያዘልሉትም። ሹመት የሚከብደው በተሿሚው ትከሻ እንጂ በሿሚው እጅ ስላይደለ፣ ትከሻው ቀስ በቀስ ሸክም እንዲለምድ አባቶች ፈልገው ይህን ሥርዐት ሠሩ።

የዓለም ሹመትም እንደዚሁ ደረጃ አለው። ይህን ለማየት የአምቦና የዙሪያዋ ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ አምቦ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ጉደርና ወደ ጌዶ ይቀጥላል። በዚሁ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ሰውን ከልጅነቱ ጀምሮ ለመሪነት የሚያሳድጉ ሦስት ዐይነት ሥርዐቶች በየዘመናቸው ቆመዋል። የሜጫ ኦሮሞ ገዳ ቀዳሚው ነው፤ ከእርሱ በኋላ የነገሥታቱ ግቢ መጣ፤ ከግቢውም በኋላ በሆለታ የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት። የግቢውን ደረጃ ከታችኛው እርከን ተነሥቶ እስከ መጨረሻው የወጣ ሰው ቢፈለግ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም። እኒህ ሰው የጅባትና የሜጫ ገዥ የነበሩ ስለ ሆነ የአምቦ ታሪክም ያለ እርሳቸው ሙሉ አይሆንም።

ስለ እርሳቸው ከመነገሩ በፊት ግን የመጀመሪያው ሥርዐት ሊነሣ ይገባዋል፤ ፊታውራሪ የተነጠቁት ከእርሱ ነውና። በገዳ ሥርዐት ወንድ ሁሉ በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ይሸጋገራል። የሜጫና የቱለማ ሰዎች የመጀመሪያውን እርከን ደበሌ ይሉታል፤ ይህ የሕፃንነት ወራት ነው። ቀጥሎ ፎሌ ይባላል፤ ልጁ ቀላል ሥራ ይጀምራል። ከዚያ ቆንዳላ ይሆንና አደን ይወጣል፤ ጦር መያዝን ይለምዳል። በኩሳ ጊዜ ከእኩዮቹ መካከል መሪዎች ይመረጣሉ፤ ነገር ግን ገና አይገዙም። በራባ ዶሪ ጊዜ ሕጉን ያጠናሉ፤ የሚገዙትንም እያዩ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ስድስተኛው እርከን ገዳ ወይም ሉባ የሚባለው ነው፤ ሥልጣኑ የሚያዘው በዚያን ጊዜ ነው። ተመራጩ አባ ገዳ ቦኩውን ተቀብሎ ስምንት ዓመት ይመራል፤ ስምንቱ ዓመት ሲፈጸምም ለተከታዩ ጓድ አስረክቦ ወደ ዩባ፣ ማለት ወደ መካሪነት፣ ያልፋል።

የሜጫ ኦሮሞ ጉባኤ የሚቀመጠው በላይኛው ጊቤ አገር በኦዳ ቢሲል ነበር፤ ሕጉን የደነገገውም መኮ ቢሊ እንደ ሆነ ይተረካል። ሴቶች ከእርከኖቹ ውጭ ነበሩ፤ እነርሱ በሲንቄያቸው የራሳቸውን መብት ያስከብሩ ነበር፤ ስለዚህ ሥርዐቱ ለሁሉ እኩል ነበረ ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር በአንድነት የያዘ ነበር። ሰው ሳይማር እንዳይገዛ ያደርጋል፤ ከገዛም በኋላ በጊዜው እንዲያስረክብ ያደርጋል። በብዙ አገር የመጀመሪያው ይገኛል፤ ሁለተኛው ግን እምብዛም አይገኝም። በሜጫ አገር እንኳ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ለዘመቻ የተመረጡ አባ ዱላዎች ሥልጣናቸውን ከጊዜው አሳልፈው መያዝ ጀምረው ስለ ነበረ፣ የሸዋ ጦር ሲመጣ ገዳው አስቀድሞ ተዳክሞ ነበር። ይህ ሥርዐት በ2009 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ከሰው ልጅ ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል።

ሀብተ ጊዮርጊስ የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓ.ም. ገደማ በጨቦ ነው። ጨቦ ከአምቦ በስተ ደቡብ፣ የወንጪን ተራራ አልፎ በወሊሶ በኩል የሚገኝ ደጋ አገር ነው። አባታቸው ዲነግዴ ይባሉ ነበር። የምኒልክ ጦር በዚያ አገር በዘመተ ጊዜ ሀብተ ጊዮርጊስ ገና ወጣት ሳሉ ተማረኩና ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት መጡ። እንግዲህ የአባቶቻቸውን እርከን በተራቸው ሊወጡ የሚገባቸው ልጅ ከዚያ ተነቅለው በማያውቁት ቋንቋ፣ በማያውቁት ሰው መካከል፣ ከሁሉ በታች ባለው ቦታ ቆሙ።

መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው በዚህ ጊዜ ዮሴፍን ማስታወሱ አይቀርም። እርሱም ከአባቱ ቤት ተለይቶ በግብፅ አገር መጀመሪያ የጲጥፋራን ቤት፣ ቀጥሎ የግዞት ቤቱን፣ በመጨረሻም የፈርዖንን አገር ሁሉ እንዲያስተዳድር ተሰጠው። ሦስቱም አንድ ሥራ ናቸው፤ የሰው ንብረት በአደራ መጠበቅ ነው፤ የሚለያዩት በስፋታቸው ብቻ ነው። ምሳሌው ግን በአንድ በኩል ይጐድላል። ዮሴፍን የሸጡት ወንድሞቹ ነበሩ፤ ሀብተ ጊዮርጊስን የማረከው ግን ያው በኋላ የሾማቸው መንግሥት ነው። ይህ ነገር በዕድሜያቸው ሁሉ አብሯቸው ኖሯል።

በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የመጀመሪያው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አገር መምራትን የሚያስተምረው ግቢው ራሱ ነበር። ልጅ እግሩ በመጀመሪያ ውሃ ያቀርባል፣ በቅሎ ይይዛል፣ የጌታውን ጋሻና ጠመንጃ ይሸከማል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ግን ዐይኑና ጆሮው ሥራ አይፈቱም። ችሎት ሲቆም ተሟጋቹ እንዴት እንደሚናገር፣ ዳኛው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚያደርስ ይሰማል፤ ግብር ሲበላም ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደ ተቀየመ፣ ማንስ ሊሾም እንደ ታሰበ ያስተውላል። አደራ የሚሰጠውም ጥቂት በጥቂት ነው፤ መልእክት በትክክል ያደረሰ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ከበድ ያለ መልእክት ይላካል፤ ዐሥር ሰው ሳያስከፋ ያዘዘ መቶ ይጨመርለታል። አጤ ምኒልክ ሰውን በዘሩ ብቻ ሳይሆን በሥራውም መርምረው የማሳደግ ልማድ ነበራቸው። ከዚሁ ከምርኮ ዕጣ ተነሥተው ግቢው ያሳደጋቸው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ በዐድዋ በመድፍ ተኳሽነታቸው ስመ ጥር ሆነዋል፤ ሁለቱም የአንድ ትምህርት ልጆች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ሀብተ ጊዮርጊስ በዚህ ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የተማሩት ነገር መላ መፈለግ ነው። የፈረስ ስማቸው አባ መቻል ነው፤ ሕዝቡ ግን አባ መላ እያለ ጠራቸው፤ ይህም ለነገር ሁሉ ዘዴ የሚያገኝ ማለት ነው። ሁለቱ ስሞች አብረው ቢነበቡ ትርጉም አላቸው፤ መቻል ያልተማረ ሰው መላ ለማግኘት ጊዜ አይበቃውምና።

ትልቁ እርከን የተከፈተው በሌላ ሰው ሞት ነው። በጣልያን ጦርነት ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ ገበየሁ ነበሩ። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባ አላጌ ጠላትን ከወጉት ግንባር ቀደም አንዱ እርሳቸው ሲሆኑ፣ የካቲት 23 ቀን በዐድዋ ላይ ወደቁ። ፊታውራሪነት በዚያን ዘመን ባዶ ስም አልነበረም። ቀኛዝማች ቀኙን፣ ግራዝማች ግራውን ሲይዝ፣ ፊታውራሪ ጦሩ ሲጓዝ ፊት ፊት ይሄዳል፤ ሲሰፍር ከፊት ይሰፍራል፤ ጠላት ሲገጥም አስቀድሞ የሚያገኘው እርሱን ነው። ከኋላው የሚመጣው ሠራዊት ሁሉ እርሱ ባየው ይሄዳል። ስለዚህ ስሕተቱ የራሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አጤ ምኒልክ ገበየሁ የወደቁበትን ቦታ ለማን እንደሚሰጡ ሲያስቡ ከትልልቅ ወገን የተወለዱ ብዙ ነበሩ፤ የተሾሙት ግን የጨቦው ምርኮኛ ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ከሁሉ ይልቅ ለመናገር የሚያስቸግር ነው። ከዐድዋ ማግስት፣ በ1889 ዓ.ም. ገደማ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ወደ ቦረና ዘምተው ያን ሰፊ አገር ለመንግሥቱ አስገበሩ። እንግሊዞች ከደቡብ በኬንያ በኩል እየገፉ ይመጡ ስለ ነበረ ዘመቻው የኢትዮጵያን ደቡባዊ ወሰን ለመያዝ የረዳ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ቦረና ገዳውን ከሁሉ አገር ይልቅ ጠብቆ የኖረ ሕዝብ ነው። ገዳውን በልጅነታቸው በጦር የተነጠቁ ሰው፣ ጐልምሰው ጦር እየመሩ ወደ ገዳው አገር ገቡ። ይህን ሲያደርጉ በልባቸው ምን እንዳለ የተጻፈ ነገር የለም። በየደረጃው ማደግ ከሚያስከፍለው ዋጋ አንዱ ግን ይህ ነው፤ የሚያሳድገው ሥርዐት ያደገውን ሰው የራሱ ክንድ ያደርገዋል።

በጅባትና በሜጫም ቢሆን ነገሩ ያው ነበር። ወታደሩ ደመወዝ በገንዘብ አይቀበልም፤ በማዕርጉ መጠን ገባር ይታደለዋል፤ ገባሩም እህሉን፣ ማሩን፣ የቤት ሥራውንና የመንገድ ሸክሙን ያቀርባል። እንግዲህ የሹሙ ማዕርግ አንድ እርከን ከፍ ሲል የገበሬው ሸክም አብሮ ከፍ ይል ነበር። የአምቦን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የፊታውራሪን ብልህነት ሲያነሣ፣ ያን ብልህነት የቀለበውን የሜጫ ገበሬ መርሳት አይገባውም። ሆኖም በፊታውራሪ ዘመን በዚህ አገር ጸጥታ ጸንቶ ቆይቷል፤ ሰፈሩም ወደ ከተማነት እያደገ ሄደ፤ ከተማዋም በኋላ ሀገረ ሕይወት ተብላ የጅባትና የሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ሆናለች።

በጥቅምት 1900 ዓ.ም. አጤ ምኒልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒስትሮችን ሾሙ። የጦር ሚኒስትርነቱ ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ተሰጠ። ይህ ሹመት ከቀድሞዎቹ ሁሉ የተለየ ነው። ጦር መሪ የሚያያቸውን ሰዎች ያዛል፤ ሚኒስትር ግን የማያያቸውን ያዛል። ጦር መሪ ከፊት በመቅደም ያደፋፍራል፤ ሚኒስትር ግን ከኋላ ተቀምጦ ስንቁን፣ ጥይቱንና የሹማምንቱን ክርክር ያስተካክላል። ዕድሜያቸውን በኮርቻ ላይ ያሳለፉ ብዙ ጀግኖች በዚህ ማለፊያ ላይ ተሰናክለዋል። ፊታውራሪ ያልተሰናከሉት ከልጅነታቸው ጀምሮ ችሎት ሲሰሙ ያደጉ ስለ ሆኑ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ሹመቱ ገና አንድ ዓመት እንዳለፈው ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ወደቁ። በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ፣ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ደግሞ ሞግዚት ተባሉ። እቴጌ ጣይቱ በመንግሥቱ ሥራ ላይ እጃቸውን ሲያጠብቁ መኳንንቱና መሐል ሰፋሪው ተስማምተው መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው፤ ከተስማሙትም መካከል ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዋነኛው ነበሩ። በ1903 ዓ.ም. ራስ ተሰማ ሞቱ። ሌላ ሞግዚትም አልተሾመም። አጤ ምኒልክም ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሞታቸውም ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ። በእነዚህ ዓመታት አገሪቱ ንጉሥ እያላት ንጉሥ የሌላት ነበረች። ያን ጊዜ ጦር ያለው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ቢያስብ ባልተፈረደበት ነበር። ብዙ ጦር የነበራቸው ፊታውራሪ ግን የጦር ሚኒስትርነታቸውን ሥራ እየሠሩ በቦታቸው ቆዩ።

ልጅ ኢያሱ ከአልጋቸው የወረዱት በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። የተከሰሱበት ነገር ወደ እስልምና ማዘንበል ነበር፤ ክሱ ምን ያህል እውነት፣ ምን ያህልስ የመኳንንቱ ፍርሀት እንደ ነበረበት የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ብፁዕ አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ፤ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ፊታውራሪ በዚህ ምክር ውስጥ ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ግን የልጃቸውን መውረድ ዝም ብለው አላዩም፤ ከወሎ ብዙ ጦር አስከትተው መጡ። ጥቅምት 9 ቀን በቶራ መስክ ራስ ልዑል ሰገድን ገጥመው ገደሏቸው፤ ጦራቸውንም ፈጁ። ወደ አዲስ አበባ የሚያስገባው መንገድ በዚያን ጊዜ ክፍት ነበር።

እዚህ ላይ አባ መላ የሚለው ስም ትርጉሙን አገኘ። የሸዋ ጦር ገና ከየአገሩ እየተሰበሰበ ስለ ነበረ የሚያስፈልገው ጀግንነት ሳይሆን ጥቂት ቀን ነበር። ፊታውራሪ ለንጉሥ ሚካኤል ልባቸው ከእርሳቸው ጋር የሆነ የሚመስል መልእክት ልከው እንዳዘገዩአቸው ይነገራል። ይህ ማታለል ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ በእውነትም ማታለል ነው። በጦር ዘመን የሚፈቀደውና የማይፈቀደው እስከ የት እንደ ሆነ መምህራን ይመርምሩት። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ሜዳ ሁለቱ ወገኖች ተጋጠሙ፤ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1910 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በግዞት ሳሉ በሆለታ ሞቱ። በምርኮ ተነሥቶ የመጣ ሰው ንጉሥ ማርኮ አስረከበ።

ከድሉ በኋላ ዙፋኑን የከበቡት ሦስት ታላላቅ ኃይሎች ንግሥቲቱ፣ አልጋ ወራሹና የጦር ሚኒስትሩ ነበሩ። ፊታውራሪ በዚህ ጊዜ ከብዙ ራሶች በላይ ይሰሙ ነበር፤ ማዕርጋቸው ግን ያው ፊታውራሪ ነው፤ እስኪሞቱም ድረስ ፊታውራሪ እንደ ተባሉ ቀሩ። በዚያ ዘመን ሰው ደጃዝማች ለመባል ይጣላ፣ ራስ ለመባል ይከዳ ነበርና ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሥልጣኑ ከስሙ ይበልጥ የነበረ ሰው ቢኖር እርሳቸው ናቸው፤ የተገላቢጦሹ ግን በየዘመኑ ሞልቷል።

በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪው በሚኒስትሮቹ ላይ ተነሥቶ ከሥልጣን እንዲወርዱ አስገደደ። ሚኒስትሮቹ ሲወርዱ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቦታቸው ቀሩ፤ ወታደሩ ከእርሱ መካከል የተነሡ መሆናቸውን ያውቅ ነበርና። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን ጨምሮ ብዙ መኳንንት አስከትለው አውሮፓን ለመጐብኘት ወጡ። ሊያምፁ ይችላሉ ተብለው የሚፈሩትን አብሮ መውሰድ የታወቀ ዘዴ ነው። ፊታውራሪ ግን ጦራቸውን እንደ ያዙ ከንግሥቲቱ ጋር በአገር ቤት ቀሩ። ሁለቱ ሰዎች፣ አልጋ ወራሹና ፊታውራሪ፣ በሐሳብ አይገጥሙም ነበር፤ አንዱ አዲስ ሥርዐት ይወዳሉ፣ ሌላው የምኒልክን ዘመን ደንብ ይጠብቃሉ። አልጋ ወራሹ ከወራት በኋላ ሲመለሱ ግን መንግሥቱን እንደ ተዉት አገኙት። በፊታውራሪ ታሪክ ውስጥ ከሰገሌ ድል ይልቅ ይህ ምንም ያልተደረገበት ወራት የበለጠ ይመዝናል፤ ሊያደርጉት የሚችሉትን ሳያደርጉ ያለፉበት ነውና።

ጉድለታቸው ከዚሁ ከመልካም ጠባያቸው የወጣ ነው። ያሳደጋቸውን ሥርዐት እጅግ ስለ ወደዱ፣ ሥርዐቱ ራሱ ማደግ እንዳለበት አልታያቸውም። ከአቡነ ማቴዎስና ከንግሥቲቱ ጋር ሆነው የቀድሞውን ልማድ ያጸኑ ነበር፤ አልጋ ወራሹም ብዙ ያሰቡትን ነገር ለማድረግ የእርሳቸውን ጊዜ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ደግሞም ያ ሁሉ ጦር፣ ያ ሁሉ ርስትና ጉልት፣ ያ ሁሉ ምክር በአንድ ሰው እጅ የተያዘ ነበር። በእርሳቸው ሥር አደራ እየተቀበለ፣ እርሳቸው እንደ ወጡት በየደረጃው ወጥቶ ሥራቸውን የሚረከብ ሰው አልቆመም። ገዳ በስምንት ዓመት የሚፈጽመውን ርክክብ ግቢው ለሞት ትቶት ነበር።

ሞትም መጣ። በኅዳር 1919 ዓ.ም. መጨረሻ አቡነ ማቴዎስ ዐረፉ፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ታኅሣሥ 3 ቀን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ተከተሉ። ዕለቱ አጤ ምኒልክ ከሞቱ ልክ 13 ዓመት የሞላበት ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ሳይዘገዩ የፊታውራሪን ጦርና ግዛት ወደ ራሳቸው እጅ አደረጉ። ዐርባ ዓመት ያህል የተሠራው ሁሉ እንዲህ በአጭር ቀን ባለቤቱን ለወጠ። በ1920 ዓ.ም. ደጃዝማች ባልቻ ብቻቸውን የቀድሞውን መንገድ ይዘው ከሲዳሞ ጦር አስከትለው ወደ አዲስ አበባ ቢመጡ፣ እርሳቸው በግብር ላይ ሳሉ ወታደሮቻቸው ተከፋፍለው ተበተኑና ሹመታቸውን አጡ። በመስከረም 1921 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። በአዲስ አበባ ዛሬም ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚባለው ስፍራ የፊታውራሪን ስም ይዟል፤ ከጨቦ እስከ ቦረና ካዘዙበት አገር ሁሉ ግን ለሥራቸው ተተኪ የሆነ አንድ ሰው አልወጣም።

ፊታውራሪ ከሞቱ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ በሆለታ ገነት ባለው በአጤ ምኒልክ አሮጌ ቤተ መንግሥት ውስጥ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስተማሪዎቹ ስዊድናውያን መኰንኖች ሲሆኑ አለቃቸው ካፒቴን ቪኪንግ ታም ይባሉ ነበር። እዚህ ደረጃው በጽሑፍ ሆነ። ወጣቱ በመጀመሪያ መታዘዝን፣ ቀጥሎ ጥቂት ሰው ማዘዝን፣ ከዚያም ሻምበል መምራትን በተወሰነ ጊዜና በፈተና ሊማር ታቀደ። ግቢው በሠላሳ ዓመት የሚያስተምረውን በጥቂት ዓመት ማስተማር ይቻል እንደ ሆነ ለማየት ግን ጊዜ አልተገኘም። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ወረረ፤ ትምህርታቸውን ያልጨረሱት ወጣቶች መኰንን ተብለው ወጡ፤ በመጋቢት የማይጨው ጦርነት ተሸነፈ፤ በሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ሄደው በነቀምቴ ተሰበሰቡ፤ ከሌሎች ምሁራንም ጋር ሆነው ጥቁር አንበሳ የሚባለውን ማኅበር አቆሙ። ሊቀ መንበራቸው ዶክተር ዓለም ወርቅ በየነ ነበሩ። ዐሥር አንቀጽ ያለው ደንብ በጽሑፍ አወጡ፤ በደንቡም የጦር አለቃው ከማኅበሩ ፈቃድ በታች እንዲሆን ተወሰነ። የሃያ ዓመት ልጆች፣ አገር ተይዞ ንጉሥ ተሰዶ ሳለ፣ ማን ማንን እንደሚያዝ ተቀምጠው መከሩ። በሰኔ ወር በቦናያ ሜዳ የወረዱ የጣልያን አውሮፕላኖችን አቃጠሉ፤ የአየር ኃይል ጄኔራሉን ማልዮኮንም ገደሉ። ከዚያ በኋላ በልዑል ራስ እምሩ አለቅነት ወደ ደቡብ ሲጓዙ ተከበቡና በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። ራስ እምሩ ወደ ጣልያን አገር ተግዘው በፖንዛ ደሴት ተቀመጡ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ምሁሩን ሁሉ ሲያስፈጅ ከማኅበሩ አባሎች ብዙዎቹ ተገደሉ። በሆለታ የጀመሩትን የመጨረሻውን እርከን ሳይወጡ ቀሩ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ከድል በኋላ በዚያው በአሮጌው ግቢ እንደ ገና ተከፈተ።